ከአማዞን መግዛት ለቤታችን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

የአሌክሳንድሪያዋ እናት (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ባለቤቴም እኔም በፈረቃ እንሠራለን። ከ2020ው ወረርሽኝ ወዲህ የልጆቹ የትምህርት ቤት ዕቃ፣ የጽዳት ሳሙናው፣ የኩሽናው ዕቃ ሳይቀር በአብዛኛው የሚመጣልን በኢንተርኔት ከሚሸጠው ከአማዞን ነው። ማታ ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ በስልኬ የማዝዘው ዕቃ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ደጃፌ ላይ ይገኛል። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። መኪናውን ባለቤቴ ለሥራ እየወሰደው፣ እኔ ሦስት ልጆች ይዤ በአውቶቡስ ገበያ የወጣሁበትን ክረምት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ባለቤቴ ግን በዚህ አካሄድ አይስማማም። ሰው በእጁ ያልዳሰሰውን ዕቃ በሥዕል ብቻ አይቶ መግዛት የለበትም ይላል። በየወሩ ከካርዳችን የሚወጣው ገንዘብ ሲደመር ምንም የረከሰልን ነገር እንደሌለ፣ በዚህ አገር ስንገባ በዱቤ ጭምር ያበሉንን የሐበሻ ሱቆች እየተውናቸው መሆኑንም ያነሣብኛል። ባለፈው ሳምንት የወሩን የካርድ መግለጫ አትሞ አሥራ ሰባት ትንንሽ ግዢዎችን በቀይ እስክሪብቶ አስምሮ አሳየኝ። ከአሥራ ሰባቱ ውስጥ ስድስቱን ለምን እንደገዛኋቸው ማስታወስ አልቻልኩም።

ጉዳዩን አስቸኳይ ያደረገብኝ ደግሞ ለገና ወደ አዲስ አበባ ልንሄድ በመሆናችን ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ለእናቴ የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ በኦንላይን አዝዤላት ነበር። ዕቃው የደረሰኝ በነሐሴ ሲሆን ካርቶኑን እንኳ ሳልከፍት ሻንጣ ውስጥ አስቀምጬው እስከ ታኅሣሥ ቆየ። አዲስ አበባ ደርሰን፣ ቡናው ተቆልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ ሶኬቱ ላይ ሰካሁት። መፍጫው ከልኩ በላይ ጮኸ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ከቡናው ሽታ ጋር ተደባለቀ፣ ከዚያም ዝም አለ። እናቴ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ሙቀጫዋን አንሥታ ቡናውን መውቀጥ ጀመረች። መፍጫውን ግን አልጣለችውም፤ ልጄ ያመጣችልኝ ነው ብላ በዳንቴል ሸፍና ቡፌው ላይ አስቀምጣዋለች። ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ስንነጋገር ከጀርባዋ ታየኝና ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። የኤሌክትሪኩን ልዩነት ሳላጣራ መግዛቴ የራሴ ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ፤ ዘንድሮ ግን መድገም አልፈልግም።

ስለዚህ ልምድ ያላችሁ ሰዎች እንድትመክሩኝ እጠይቃለሁ። የፕራይም አባልነት (ለነፃና ፈጣን ማጓጓዣ ለአማዞን የሚከፈለው) እንደኛ ላለ ቤተሰብ ገንዘቡን ያህል ይጠቅማል ወይ? እውነተኛውን ዕቃ ከአስመስሎ የተሠራው እንዴት ልለየው? ወደ አገር ቤት የሚላክ ዕቃ ከዚህ መግዛትስ ተገቢ ነው? ባለቤቴ ስለ ሱቆቹ የሚለውም ሆነ እኔ ስለ ጊዜዬ የምለው ሁለቱም እውነት ስለሆኑ፣ አንዱን ይዘን ሌላውን መጣል አቅቶናል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ሒሳብ ሠራተኛ

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሙያዬ ሒሳብ ነውና ከባለቤትዎ ቀይ እስክሪብቶ ብጀምር ቅር አይበልዎ።

የፕራይም አባልነት በዓመት አንድ ጊዜ ሲከፈል 139 ዶላር ነው። በየወሩ 14.99 እየከፈሉ ከሆነ ግን ዓመቱ ሲሞላ 179.88 ይሆናል፤ ይህን የማያስተውሉ ብዙ ሰዎች 40 ዶላር ገደማ ትርፍ ከፍለው ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር ክፍያው 79 ዶላር ነበር። አባል ያልሆነ ሰውም ቢሆን በአማዞን በኩል የሚላክ ዕቃ 35 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲያዝ የማጓጓዣ ዋጋ አይጠየቅም፤ የሚያጣው ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። 139 ዶላሩን ከፍሎ በዓመት ሃያ ጊዜ የሚያዝ ቤት ለእያንዳንዱ ትእዛዝ 7 ዶላር ገደማ ማጓጓዣ እየከፈለ ነው ማለት ነው። እንደ እርስዎ በወር አሥራ ሰባት ጊዜ የሚያዝ ቤት ደግሞ በአንድ ትእዛዝ 70 ሳንቲም እንኳ አይደርስበትም። ስሌቱ እዚህ ላይ ካቆመ አባልነቱ ያዋጣዎታል፤ እዚህ ላይ ማቆም ግን ትክክል አይደለም። ማጓጓዣው ነፃ መስሎ በታየን ቁጥር አንዲት የአምስት ዶላር ዕቃ ለብቻዋ ለማዘዝ እጃችን አይሰስትም። ለምን እንደገዙዋቸው ያላስታወሷቸው ስድስት ዕቃዎች ዋጋ በ139 ዶላሩ ላይ ተደምሮ መታየት አለበት፤ የእርስዎ ቤት የፕራይም ክፍያ እሱ ነው።

የምግብ ድጋፍ ካርድ ወይም ሜዲኬይድ (መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የጤና መድን) ያለው ቤተሰብ አባልነቱን በወር በ6.99 ዶላር ማግኘት እንደሚችልም ይወቁ፤ ብቁ ሆነው ሳለ ሙሉውን የሚከፍሉ ወገኖች አጋጥመውኛል። በሌላ በኩል በእኛ ዘንድ የተለመደው፣ እኅትማማቾች በተለያየ ቤት ሆነው በአንድ አባልነት የመጠቀም ነገር ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ቀርቷል። አሁን የማጓጓዣው ጥቅም የሚጋራው በአንድ አድራሻ ለሚኖር ቤተሰብ ነው።

ሳይፈልጉ አባል የሆኑ ወይም ለመሰረዝ ሞክረው ያቃታቸው ሰዎችም አሉ። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን በዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2023 አማዞንን ከስሶ ነበር፤ ኩባንያው በሴፕቴምበር 2025 ጥፋቱን ሳያምን 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከዚህ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ፣ ቀሪው ቅጣት ነው። ይህን የምጠቅሰው ኩባንያውን ለማጥላላት ሳይሆን፣ የአባልነት ክፍያ በዝምታ የሚቀጥል ወጪ በመሆኑ በዓመት አንድ ቀን ቆጥረው እንዲመረምሩት ለማሳሰብ ነው።

አስመስለው የተሠሩ ዕቃዎችን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። አማዞን ሱቅ ብቻ ሳይሆን ገበያም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሌሎች ሻጮች በእሱ ገጽ ላይ እንዲሸጡ ፈቅዷል፤ ዛሬ እዚያ ከሚሸጠው ዕቃ ከግማሽ የሚበልጠው የእነዚሁ ሌሎች ሻጮች ነው። መርካቶ ውስጥ አንድ ትልቅ አዳራሽ ገብተው ከሺህ ባለመደብር መካከል ከአንዱ እንደመግዛት ይቁጠሩት፤ አዳራሹ የታወቀ መሆኑ ባለመደብሩን የታወቀ አያደርገውም። ስለዚህ የመግዣውን ቁልፍ ከመጫንዎ በፊት ከሥሩ ያለውን «ሶልድ ባይ» የሚለውን፣ ሻጩን የሚገልጸውን መስመር ያንብቡ። ሻጩ ራሱ አማዞን ወይም የዕቃው አምራች ከሆነ ስጋቱ ይቀንሳል። ሰምተውት የማያውቁት የፊደላት ክምችት ከሆነ ስሙን ተጭነው ማን እንደሆነና የት እንዳለ ይመልከቱ። ከጁን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ሕግ ብዙ የሚሸጡ ነጋዴዎች ማንነታቸው እንዲረጋገጥ፣ ከፍ ያለ ሽያጭ ያላቸው ደግሞ ስማቸውና መገኛ አድራሻቸው ለገዢ እንዲታይ ያስገድዳል። እኔ በበኩሌ ሽቶ፣ የፊት ቅባት፣ ቻርጀርና የታወቀ ስም ያለው ጫማ ከማላውቀው ሻጭ አልገዛም፤ የቆሻሻ ከረጢት ከሆነ ግን ሻጩ ማንም ቢሆን አልጨነቅም።

ስለ ገዢዎች አስተያየትም ጥቂት ልጨምር። አስተያየት በገንዘብ መግዛትና መሸጥ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ ተከልክሏል፤ መከልከሉ ግን አጥፍቶታል ማለት አይደለም። ባለ አምስት ኮከቦቹን ትቼ ባለ ሦስቶቹን አነባለሁ፤ ዕቃውን ለወራት የተጠቀመ ሰው ደጉንም ክፉውንም ዘርዝሮ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። በፍለጋ ገጹ አናት ላይ «ስፖንሰርድ» ተብለው የሚመጡት ደግሞ ሻጩ ስለከፈለባቸው እንጂ ከሌላው ስለተሻሉ አይደለም።

የአማዞን ትልቁ ጥቅም፣ በእኔ አስተያየት፣ ከፍጥነቱ ይልቅ የመመለሻ ሥርዓቱ ነው። አብዛኛው ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ ይመለሳል፤ ካርቶንም ሆነ ማሸጊያ ሳያስፈልግ በስልክዎ ላይ የሚመጣውን ኮድ አሳይተው ዩፒኤስ (የጥቅል አመላላሽ ድርጅት) ሱቅ ወይም ሆልፉድስ የተባለው የምግብ መደብር የሚያስረክቡት ዕቃ ብዙ ነው። ከሌላ ሻጭ የተገዛ ዕቃ ሳይደርስ ቢቀር ወይም የተለየ ሆኖ ቢመጣም፣ መድረስ ከነበረበት የመጨረሻ ቀን ጀምሮ እስከ 90 ቀን ድረስ አቤት የሚሉበት ዋስትና አለ። የእርስዎ የቡና መፍጫ ታሪክ ያሳዘነኝም በዚህ ምክንያት ነው። አራት ወር ሻንጣ ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ፣ ጉድለት እንኳ ቢኖርበት የመመለሻ ቀኑ ካርቶኑ ሳይከፈት አልፏል። ለጉዞ የሚገዙትን ዕቃ በደረሰበት ዕለት ይክፈቱት፣ ይሞክሩት፣ ከዚያ መልሰው ያሽጉት። አማዞን በበዓል ሰሞን ከኖቬምበር 1 እስከ ዲሴምበር 31 የተገዛ አብዛኛው ዕቃ እስከ ጃኑዋሪ 31 እንዲመለስ ሲፈቅድ ቆይቷል፤ የአፕል ዕቃዎች ቀን ግን ከዚህ ያጥራል። ለገና የሚሄዱ ከሆነ ከኖቬምበር በፊት ባይገዙ ይሻልዎታል።

የኮሎምቢያ ፓይክ ባለሱቅ

ልጄ፣ በዕድሜ የገፋሁ ስለሆንኩ አንቺ ብልሽ አትቀየሚኝ። አርሊንግተን ውስጥ ትንሽ የሐበሻ ሱቅ አለኝ፤ ባለቤትሽ ስለ ሱቆች ያለው ነገር ልቤን ስለነካው ነው የምጽፈው። አማዞን ሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤቱን የከፈተው በ2023 እዚሁ አርሊንግተን ውስጥ ነው፤ ከሱቄ ተነሥቶ በመኪና ሩቅ አይደለም። እዚያ የሚሠሩ ወጣቶች ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ ሊገዙ ወደ እኔ ይመጣሉ። ስለዚህ ነገሩን እንደ ጠላትነት አላየውም፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቦታውን ማወቅ ይገባል ነው የምለው።

የማይዋጥልኝን እውነት አስቀድሜ ልንገርሽ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስትፈልጊ ከእኔ ባትገዢ አልከፋም። እኛ እንጀራ የምንጋግርበት ባለ 16 ኢንቹ ምጣድ መጀመሪያ የተሠራው ለኖርዌይ ቂጣ መጋገሪያ ሲሆን እዚሁ አሜሪካ ይመረታል። ኦንላይን ላይ በቀላሉ ታገኚዋለሽ፣ ቢበላሽም ትመልሺዋለሽ። እኔ ሁለት ሦስት እያመጣሁ የምሸጠው በዚያ ዋጋ ሊሆን አይችልም።

ጤፍ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንዲት ደንበኛዬ በትንሽ ከረጢት የታሸገ የጤፍ ዱቄት ስታዝዝ ከርማ፣ አንድ ቀን ሱቅ መጥታ የ25 ፓውንዱን ከረጢት ዋጋ ስትሰማ በስልኳ አካፈለችና ለረጅም ጊዜ ቆማ ቀረች። የትንሽ ማሸጊያ ዋጋ በዓይን ሲታይ አነስተኛ ነው፤ በፓውንድ ሲሰላ ነው ጉዱ የሚወጣው። አማዞን ገጽ ላይ የአንድ ፓውንድ ወይም የአንድ አውንስ ዋጋ በትንንሽ ፊደል ከዋናው ዋጋ አጠገብ ብዙ ጊዜ ይጻፋል፤ ምግብ ስትገዢ ከትልቁ ቁጥር በፊት እሱን ተመልከቺ። በርበሬም እንዲሁ ነው። በርበሬ በሥዕል አይገዛም። ሰው ክዳኑን ከፍቶ ያሸታል፣ በጣቱ ያሻል፣ ቀለሙን ብርሃን ላይ ያያል፣ ማን እንዳዘጋጀው ይጠይቀኛል። ጠዋት እንጀራው ሲገባ ደንበኞቼ ከረጢቱን በእጃቸው ጀርባ እየነኩ ሙቀቱን ይለካሉ፤ ዓይኑን ቆጥረው ይመርጣሉ። ይህን ምርጫ ማንም ሊያደርስላቸው አይችልም።

ወንድሜ የሒሳብ ሠራተኛው ስለ ገበያው የጻፉት ትክክል ነው፤ ከሻጭ ወገን ሆኜ ልጨምርበት። ቅመሜን እዚያ ለመሸጥ አስቤ ክፍያውን አስልቼ ነበር። ለነጋዴ የሚከፈለው መደበኛ ክፍያ በወር 39.99 ዶላር ነው፤ ከዚያ ከእያንዳንዱ ሽያጭ እንደ ዕቃው ዓይነት ይቆረጣል፤ ለብዙ ዓይነት ዕቃ 15 በመቶ ነው። ዕቃውን በእነሱ መጋዘን አስቀምጠሽ እነሱ እንዲልኩልሽ ከፈለግሽ ሌላ ክፍያ አለ፤ በፍለጋ ገጹ ከላይ ለመታየት ማስታወቂያ ስትጨምሪ ደግሞ ሌላ። ይህን ሁሉ ከቅመሙ ዋጋ ላይ ብደምረው፣ ፊት ለፊቴ ቆማ የምትገዛኝ እናት ከምትከፍለው በላይ ልሸጠው ሆነ፤ ተውኩት። አንድ ሻጭ የሚከፍለው ክፍያ በመጨረሻ የሚወጣው ከገዢው ኪስ ነው። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽንና 17 የአሜሪካ ግዛቶች በሴፕቴምበር 2023 ባቀረቡት ሌላ ክስ፣ ኩባንያው በሌላ ቦታ አርክሰው የሚሸጡ ነጋዴዎችን ከገዢ ዓይን ያርቃል ብለው ከሰዋል። ኩባንያው ክሱን አይቀበልም፤ ጉዳዩም ገና በፍርድ ቤት ነው። እኔ ፈራጅ አይደለሁም፤ ነገር ግን አንድ ገበያ ብቻ ሲቀር ዋጋ የሚተምነው ማን እንደሚሆን እሰጋለሁ።

ሱቄ ለቅሶ የሚለጠፍበት፣ አዲስ የመጣ ልጅ ሥራ የሚጠይቅበት፣ ቤት የሚከራይ ሰው ማስታወቂያ የሚተውበት ሰሌዳ አለው። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት በዚያ ሰሌዳ ላይ ባየው ስልክ የምድር ቤት ክፍል ተከራየ። ልጄ፣ ሳሙናውን ከፈለግሽበት አምጪው፤ እንጀራውን፣ በርበሬውንና ቡናውን ግን ለእኛ ተዪልን። እንደ ምፅዋት ቆጥረሽው እንዳይሆን፤ የተሻለ ዕቃ ስላለን ነው የምለምንሽ።

ነርሷ ከፌርፋክስ

ሁላችሁም ስለ ዋጋ በደንብ ጽፋችኋል። እኔ ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነውና።

የአሜሪካ የፍጆታ ዕቃዎች ደኅንነት ኮሚሽን በ2024 በሰጠው ውሳኔ፣ በአማዞን ገበያ ላይ ሌሎች ሻጮች ለሸጧቸው ከ400,000 በላይ አደገኛ ዕቃዎች ኩባንያው እንደ አከፋፋይ ኃላፊ ነው ብሏል። ከእነዚያ መካከል ውኃ ውስጥ ቢወድቁ ከኤሌክትሪክ ንዝረት የሚከላከል መቁረጫ የሌላቸው የፀጉር ማድረቂያዎች፣ እሳት በቀላሉ የሚይዛቸው የልጆች የሌሊት ልብሶችና ጋዝ እያለ የማይጮሁ የካርቦን ሞኖክሳይድ (ከሰል ሲነድ የሚወጣ፣ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ) ማስጠንቀቂያዎች ነበሩ። ኩባንያው ኃላፊነቱን በመቃወም ጉዳዩን በ2025 ወደ ፍርድ ቤት ወስዶታል። ክርክሩ እንዴትም ያብቃ፣ ዕቃዎቹ ሰው ቤት ገብተው ነበር።

የከሰል ጭስ ምን እንደሚያደርግ ለእኛ ነጋሪ አያሻንም። መስኮት ዘግቶ ከሰል አንድዶ ተኝቶ ያልተነሣ ቤተሰብ ወሬ ያልሰማ ሐበሻ የለም። እዚህም በክረምት አፓርትመንት ውስጥ ከሰል አያይዘው ቡና የሚያፈሉ እናቶች አሉ፤ ልጆቻቸው ይከላከልላቸዋል ብለው የሚገዙት ርካሽ ማስጠንቀቂያ የማይጮህ ከሆነ ከባዶ ግድግዳ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ያዘናጋል። ስለዚህ የጭስና የጋዝ ማስጠንቀቂያ፣ ወደ ሶኬት የሚገባና ወደ ሰውነት የሚቀርብ ማንኛውም ዕቃ በአሜሪካ የደኅንነት ፈተና ማለፉን የሚያሳየው የ«ዩኤል» ወይም የ«ኢቲኤል» ምልክት እንዳለው አረጋግጣችሁ፣ ከታወቀ አምራች ብቻ ግዙ። ኮሚሽኑ ከገበያ የተሰበሰቡ ዕቃዎችን ዝርዝር በድረ ገጹ ላይ በነፃ ያወጣል። እኔ የልጄን አልጋ ከመግዛቴ በፊት ስሙን እዚያ ጽፌ ፈልጌ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

የማታ አድራሽ

እኔ በትርፍ ጊዜዬ በራሴ መኪና ዕቃ የማደርስ ሰው ነኝ፤ በአጭሩ ከመኪናው ወገን ያለውን ልናገር። የአፓርትመንት ነዋሪ ከሆናችሁ የሕንፃውን መግቢያ ኮድና የበሩን ቁጥር በአድራሻችሁ ላይ በትክክል ጻፉ፤ ጠፋ የሚባለው ዕቃ ብዙ ጊዜ አጠገብ ባለው ሕንፃ ተመሳሳይ በር ላይ ተቀምጦ ነው የሚገኘው። ቀን ቤት የማትውሉ ከሆነ ዕቃው ደጃፍ ላይ ከሚያድር ይልቅ በየነዳጅ ማደያውና በየሱቁ ወደሚገኘው የአማዞን ሎከር (በኮድ የሚከፈት የዕቃ ሳጥን) እንዲላክ አድርጉ፤ ተጨማሪ ክፍያ የለውም፤ የማንሻ ቀኑ ግን ጥቂት ስለሆነ እንዳያልፍባችሁ።

ሌላው ለወላጆቻችሁ ንገሩልኝ የምለው ነው። «ጥቅልዎ ታግዷል» ወይም «ገንዘብ ይመለስልዎታል፣ ይህን ይጫኑ» የሚል የስልክ መልእክት በአማዞን ስም የሚልኩ አጭበርባሪዎች በዝተዋል። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው አባቶችና እናቶች በዚህ ሲጎዱ አይቻለሁ። መልእክቱን ሳይነኩ በራሳቸው መተግበሪያ ገብተው ትእዛዛቸውን ይመልከቱ፤ በስጦታ ካርድ ክፈሉ የሚል ሁሉ ደግሞ ያለ ጥርጥር ሌባ ነው።

ኤሌክትሪክ ሠሪው

ለጠያቂዋ፦ መፍጫው የተቃጠለው በዕቃው ጥራት ጉድለት ላይሆን ይችላል። የአሜሪካ ቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያ ደግሞ 220 ቮልት ነው። ለ120 የተሠራ ሞተር እጥፍ የሚጠጋ ቮልት ሲያገኝ እርስዎ እንደጻፉት በኃይል ይጮኻል፣ መጠምጠሚያው ይግላል፣ ከዚያ ይቃጠላል። ጉዳቱም በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል።

ከመግዛትዎ በፊት የዕቃውን ጀርባ ወይም የቻርጀሩን ጽሑፍ የሚያሳየውን ሥዕል ፈልገው ያስፉት። «100-240ቪ፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ከተጻፈበት በሁለቱም አገር ይሠራል፤ የሚያስፈልግዎ ጠፍጣፋ እግሩን ወደ ክብ እግር የሚቀይር ርካሽ መሰኪያ ብቻ ነው። የስልክ፣ የላፕቶፕና የታብሌት ቻርጀሮች በአብዛኛው እንዲህ ናቸው። «120ቪ፣ 60 ኸርዝ» ብቻ ካለው ግን፣ መፍጫም ሆነ ካውያ ወይም ምጣድ፣ ሻንጣዎ ውስጥ አያስገቡት። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር አለ፤ ነገር ግን ሙቀት የሚያመነጭ ዕቃ የሚችለው ዓይነት ከባድ ስለሆነ ከተፈቀደልዎ ኪሎ ላይ ብዙ ይበላል። መሰኪያውንና ትራንስፎርመሩን ግን አያምታቱ። መሰኪያው የእግሩን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም፤ ብዙ ዕቃ የተቃጠለው በዚህ መምታታት ነው። ፓወር ባንክ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ሳይሆን በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ውስጥ መሆን አለበት።

የአሌክሳንድሪያዋ እናት

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ምላሾቹን ባለፈው ሳምንት ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የባለሱቁን መልእክት ስጨርስ ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ አልተነጋገርንም።

አባልነቱን ለመሰረዝ ሳይሆን ከወርኃዊ ወደ ዓመታዊ ለመቀየር ተስማማን፤ በምትኩ ዕቃ በመረጥኩበት ሌሊት ላላዝዝና በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ማታ፣ ዝርዝሩን አብረን ዓይተን ልናዝዝ ወሰንን። የመጀመሪያው ሐሙስ አለፈ። ከተመረጡት ዘጠኝ ዕቃዎች አምስቱን እኔው ራሴ አወጣኋቸው። ቤታችን ያለውን የጋዝ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ነርሷ እንዳሉት ከግድግዳው አውርደን ጀርባውን አየነው፤ ምልክቱ አለው፤ ነገር ግን የአገልግሎት ዘመኑ ካለፈ ዓመት ሆኖታል። ነገ ይቀየራል።

ባለሱቅ አባቴ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንጀራው ሳይቀዘቅዝ እንመጣለን። ለእናቴ መፍጫ ከዚህ አልወስድላትም፤ 220 ቮልት የሚለውን አዲስ አበባ ስደርስ ከእሷ ጋር ሄጄ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሶኬት ላይ ሰክታ ሞክራ እንድትመርጥ አደርጋለሁ። ሻንጣው ውስጥ የተረፈውን ቦታ በጫማ ልሞላው ነው፤ የእኅቶቼን ልጆች የእግር ልክ ዛሬ በወረቀት ላይ አሥምረው በስልክ ልከውልኛል።